አዝማሪ ቤት ለመምህር ነውር ነውን?

ከሁለት ሳምንት ወዲህ በመኝታ ክፍሎቻችንና በምግብ አዳራሹ ሰልፍ ላይ አንድ ወሬ ሲናፈስ ሰንብቷል። ይኸውም «እነ እገሌ ቅዳሜ ማታ ሹም አቦ ካለችው አዝማሪ ቤት ሲወጡ ታዩ» የሚል ነው። ወሬው እውነት ነው። የታየነውም እኛ ነን። አራት ነበርን፤ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት። ሰክረን አልወደቅንም፣ ከማንም አልተጣላንም፣ በሩ ሳይዘጋም ገብተናል። እንግዲህ ወሬው ይህን ያህል ነው።

ወሬው ራሱ አላስቆጣንም። ሰው ካየ ይናገራል። ያሳዘነን ከወሬው ጋር ተያይዞ የመጣው ፍርድ ነው። «ነገ ከሕፃናት ፊት የሚቆም ሰው አዝማሪ ቤት ምን ይሠራል?» ተባለ። ሴቷ ጓደኛችን ላይ ደግሞ ፍርዱ እጥፍ ሆነ፤ እዚህ መጻፍ የማይገባ ቃል ሁሉ ተነግሮባታል። ስለሆነም ከጀርባ ለሚነገረው ከጀርባ ከመመለስ ሁሉም ቆሞ በሚያነብበት በዚህ ግድግዳ ላይ መልሳችንን ብንለጥፍ ይሻላል ብለን ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። ስህተት ካለባት ከጎኗ የእርምት ጽሑፍ የሚለጠፍበት ቦታ ትተናል።

በመጀመሪያ ቤቲቱን ላላያት እንንገር። ትንሽ ናት። ሠላሳ ሰው ከገባ ትከሻ ለትከሻ ይነካካል። መሬቱ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል፤ ግድግዳውን ተከትሎ አግዳሚ ወንበርና ዱካ ተደርድሯል። መድረክ የሚባል ነገር የለም። ድምፅ ማጉያም የለም። ባለቤቲቱ እትዬ ሰው ሲገባ ብድግ ብለው «ግቡ ልጆቼ፣ እዚህ ጋ ጠጋ በሉ» ይላሉ። ጠጅ በብርሌ የሚጠጣ አለ፣ ቢራ የሚጠጣ አለ፤ እንደኛ አንድ ለስላሳ ይዞ ሁለት ሰዓት የሚቀመጥ ተማሪም አለ። እሳቸው እያዩ አያዩም። አንድ ቀን «ተማሪ ሲጠግብ ይከፍላል» ብለው ስቀው አልፈውናል።

አዝማሪው ጋሼ ማሲንቆውን ይዞ ከሰው መሀል ይንቀሳቀሳል። መሣሪያው እንዲያው ሲታይ ምንም አይደለም። በአራት ማዕዘን እንጨት ላይ የተወጠረ ቆዳ፣ አንድ ረጅም እጀታ፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ብቻ። ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው፤ ጭራ በጭራ ላይ እንዳይንሸራተት ዕጣን ይቀባል። በዚያች በአንዲት ክር ትዝታውን፣ ባቲውን፣ አምባሰሉን፣ አንቺ ሆዬውን ሁሉ ያወጣል። ባለቤቱ ደግሞ ከበሮዋን እየመታች ታዜማለች፤ ሲሞቅላት ተነሥታ እስክስታ ትወርዳለች።

ታዲያ ምንድነው እዚያ የሚስበን? ይህን ጥያቄ እርስ በርሳችን ተጠያይቀናል። ዘፈን ከፈለግን በስልካችን ሞልቷል። ትልልቅ የምሽት ክበቦችም በከተማችን አሉ፤ ለጎብኚዎች የሚታተሙ የጉዞ መጻሕፍት እንኳ የባሕር ዳሩን «ባላገሩ» በስም ሲጠቅሱ ኖረዋል። ዳሩ ግን የስልኩ ዘፋኝ እኛ መኖራችንን አያውቅም። ስናለቅስም ስንስቅም ያንኑ ይዘፍናል። በዚህች ትንሽ ቤት ግን ዘፈኑ የሚሠራው እኛ ተቀምጠን ሳለ ነው። አዝማሪው ፊትህን ያያል፣ ጫማህን ያያል፣ ከማን ጋር እንደመጣህ ያያል፤ ከዚያም በአንተ ላይ ይገጥማል። ይህ ብቻ አይደለም። አንተም «ተቀበል!» ብለህ ግጥም ትሰጠዋለህ፤ እሱ ከአፍህ ነጥቆ በዜማ ይመልስልሃል። እዚያ ቤት ገቢው ሁሉ አድማጭም ገጣሚም ነው።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። በዚያች ቅዳሜ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከጥግ ተቀምጦ ነበር። ሰው ሲስቅ አይስቅም። አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ «ተቀበል» አለና ስለሞተ ወንድሙ ሁለት ስንኝ ሰጠ። አዝማሪው ወዲያው ቅኝቱን ወደ ትዝታ መለሰው። ስንኙን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ደጋገመለት። ያ ሁሉ ሰው ጸጥ አለ። ማንም የማያውቀው ሾፌር ለአምስት ደቂቃ ያህል የሁላችን ወንድም ሆነ። ይህን በየትኛው የሥነ ልቦና ክፍለ ጊዜ ተምረነው እናውቃለን?

ቀጥሎ ድፍረት አገኘንና ከመካከላችን አንዱ የራሱን ሰጠ። እንዲህ የሚል ነው፦

ከጣና ዳር ሆኜ ስጠብቅሽ ከርሜ፣
አባይ ወሰደብኝ ያንን ሁሉ ዕድሜ።

ጋሼ ሲቀበለው መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ሁለተኛ ሲለው አንድ ሰው «እሰይ!» አለ። ሦስተኛው ላይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እንደሚታወቀው ዓባይ ከጣና የሚወጣው እዚሁ ከተማችን ላይ ነው፤ ስለዚህ ሰሙ ወንዙ ነው፣ ውሃው ዕድሜዬን ጠራርጎ ሄደ። ወርቁ ግን ሌላ ነው። አባይ ማለት ዋሾ፣ ቃሉን የማይጠብቅ ማለትም ነውና ዕድሜውን የወሰደችበት «እመጣለሁ» ብላ ያልመጣችው ልጅ ናት።

እዚህ ላይ እኛ ነገ አስተማሪ የምንሆን ሰዎች ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ስንኙን ወረቀት ላይ ስንጽፈው ጨነቀን። በዓይኑ «ዓ» ብንጽፈው ወንዙን ብቻ ልናሳይ ሆነ፤ በአልፋው «አ» ብንጽፈው ደግሞ ዋሾዋ ቀድማ ወጣች። ብዕር አንዱን ካልመረጠ አይጽፍም። ጆሮ ግን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይሰማል። ለካስ ሰምና ወርቅ ለጆሮ የተሠራ ነገር ኖሯል! እኛ ግን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ገልብጠን ነው። «ሰም ማለት ውጫዊው፣ ወርቅ ማለት ውስጣዊው ትርጉም ነው» ብለን ሸምድደን በፈተና መልሰናል። ነጥቡንም አግኝተናል። ነገር ግን በሰምና ወርቅ ሰው ሲስቅ በዓይናችን አይተን አናውቅም ነበር። አሜሪካዊው ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ አማራው ባህል ለጻፈው መጽሐፍ ርእሱን «ሰምና ወርቅ» ብሎ ነው የሰየመው። ባሕር ማዶ ለመጽሐፍ ርእስ የበቃው ነገር ከመኝታ ክፍላችን የእግር መንገድ ላይ በየማታው ይነገራል፤ እኛ ደግሞ ነውር ነው እንላለን።

ለመሆኑ ነውርነቱ ከየት መጣ? «አዝማሪ» የሚለው ቃል ከግዕዙ «ዘመረ» የወጣ ነው። መዝሙርም፣ ዝማሬም፣ መዝሙረ ዳዊትም ከዚያው ከአንድ ግንድ ናቸው። እንግዲህ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት አንዱ ሲከበር አንዱ ስድብ ሆኖ ቀረ። ልጅ ሲያስቸግር «አንተ አዝማሪ!» ይባላል። ሠርግ ላይ ያለ እሱ አይደምቅም፤ ሠርጉ ሲያልቅ ግን «ልጄን አግባ» የሚለው የለም።

ታሪኩን ግን ብናይ ስድብ አይገባውም ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶቹ ተይዘው እንዲገደሉ ካዘዙባቸው ሰዎች መካከል ከጠንቋዮች ጋር እየዞሩ የሚዘፍኑ ሰዎች ይገኙበታል። መድፍና አውሮፕላን ያለው ጦር ባለ አንድ ክር ማሲንቆ ለምን ፈራ? መልሱ ግልጽ ነው። ጋዜጣ ለማያነብ ሕዝብ ጋዜጣው አዝማሪ ነበርና ነው። ከዚያም በፊት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ የያዙት ይህንኑ ማሲንቆ ነው። በደርግ ዘመን የጎጃሙ ግሽ ዓባይ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የወሎው ላሊበላ የኪነት ቡድኖች ማሲንቆን ከትልልቅ መድረክ ላይ አውጥተውታል። ዛሬ አዲስ አበባ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ማሲንቆ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ጃፓናዊው ተመራማሪ ኢትሱሺ ካዋሴ ጎንደር ድረስ መጥቶ የአዝማሪ ልጆችን ኑሮ በፊልም ቀርጿል። ከጃፓን ጎንደር ስንት ባሕር ያቋርጣል! ከእኛ ግቢ ሹም አቦ ግን ባጃጅ እንኳ አያስፈልገውም።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ስለ ግጥምና ስለ ታሪክ ነው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው።

በዚያችው ቅዳሜ አዝማሪው ማሲንቆውን ዱካ ላይ አስደግፎ ለጥቂት ጊዜ ወደ ውጭ ወጣ። ከመካከላችን አንዱ፣ ይህን ጽሑፍ አብሮን የጻፈው፣ ሳያስበው እጁን ሰደድ አድርጎ ማሲንቆውን አነሣ። አናቱ ላይ ያለውን እንጨት ጥቂት አዞረና ክሩን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ቃኘው። እኛ አፋችንን ከፍተን እናያለን። ሁለት ዓመት አብረነው ስንኖር ማሲንቆ ሲነካ አይተን አናውቅም። ጋሼ ከውጭ ሲመለስ በሩ ላይ ቆመ። አልተቆጣም። በማናውቀው ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቀው። ጓደኛችንም አንገቱን ደፍቶ በዚያው ቋንቋ መለሰለት። አዝማሪዎች እርስ በርሳቸው ብቻ የሚግባቡበት የራሳቸው አነጋገር እንዳላቸው ሰምተን ነበር፤ ከክፍል ጓደኛችን አፍ እንሰማዋለን ብለን ግን አላሰብንም።

ሲመለስ መንገድ ላይ ነገረን። አባቱም አያቱም አዝማሪዎች ናቸው። እሱም እስከ አሥራ ሁለት ዓመቱ ከአባቱ ጋር ሠርግ ለሠርግ ዞሯል። እኛ ጋ ሲመጣ ግን አንድ ቀን በክፍል ውስጥ እያንዳንዳችን ተነሥተን የአባታችንን ሥራ እንድንናገር ተጠይቀን ነበር። «ገበሬ» አለ። ከፊቱ የነበረው «ነጋዴ»፣ ከኋላው የነበረችው «የመንግሥት ሠራተኛ» ብለዋል። ማንም ልብ አላለውም። እሱ ግን ልብ ብሎታል። «አባቴ በማሲንቆው እዚህ አድርሶኝ ሳለ በአንዲት ቃል ካድኩት» አለን። ከዚያ ወዲያ እስከ በሩ ድረስ የተናገረ የለም።

ይህን አንቀጽ ከመለጠፋችን በፊት ራሱ አንብቦ «ይለጠፍ» ብሏል።

እንግዲህ አስቡት። እኛ በቅርቡ በየወረዳው እንበተናለን። ከምናስተምራቸው ልጆች መካከል የአዝማሪ ልጅ፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ የቀጥቃጭ ልጅ፣ የሸማኔ ልጅ ይኖራል። «አዝማሪ ቤት ነውር ነው» ብሎ የወጣ አስተማሪ ያን ልጅ በምን ዓይን ያየዋል? ልጁስ የአባቱን ሥራ ሲጠየቅ ምን ይላል? የሚዋሽ ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ያደረግነው እኛው አይደለንም ወይ?

አሁን ደግሞ በሌላ በኩል የሚነሣውን እንይ፤ ተቃውሞውን አናቃልልም። እውነት ነው፣ አዝማሪ ቤት መጠጥ ቤትም ነው። ለአንድ ምሽት የገባ ተማሪ በየምሽቱ መግባት ሊጀምር ይችላል፤ ቤተሰብ ከጤፉ ከፍሎ የላከለትን ገንዘብ በብርሌ የጨረሰ አይተናል። ይህ ጥፋት ነው፣ ጥፋቱም የጠጪው ነው። ደግሞም አዝማሪ ሁልጊዜ እውነት አይናገርም። ግንባሩ ላይ ብር የለጠፈለትን «አንበሳ» ይለዋል፤ ያልሰጠውን ይሸነቁጠዋል። አንዳንድ ሰካራም የሚሰጠው ግጥም ሴትን የሚያዋርድ ነው፤ ሴቷ ጓደኛችን አንድ ጊዜ እንዲህ ያለውን ሰምታ ልትወጣ ተነሥታለች። በዚያን ጊዜ ያስቆሟት የአዝማሪው ባለቤት ናት። ግጥሙን ተቀብላ መጨረሻውን አዙራ በሰጪው ላይ መለሰችለት፤ ሰውዬው ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። ግን ሁሉ ቤት እንዲህ ያለች ሴት የለችም። የሃይማኖቱ ሥርዓት የማይፈቅድለትን ጓደኛችንንም «ና ግባ» አንለውም፤ አለመግባቱ መብቱ ነው፣ እናከብርለታለን።

ነገር ግን የመጠጡን ጥፋት በማሲንቆው ላይ ማላከክ ፍርደ ገምድልነት ነው። ውሃ የወሰደው ሰው አለና ጣና ይድረቅ አይባልም።

በተጨማሪም እነዚህ ትንንሽ ቤቶች ዘላለማዊ አለመሆናቸውን ልብ እንበል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ባሕር ዳር ከእንቅስቃሴ በታገደች ጊዜ፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የሰዓት እላፊ በታወጀብን ጊዜ፣ ሌሊት ከሌለ እንጀራ የሌለው አዝማሪ ነበር። አዲስ አበባም ብንሄድ ያው ነው። ደርግ ወድቆ የሌሊቱ እላፊ ከቀረ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች እንደ አሸን ፈልተው ነበር፤ ዘፈናቸው «ኢትዮፒክስ» በተባለው የፈረንሳዮች የሙዚቃ ስብስብ ሁለተኛ ቅጽ ላይ ታትሞ ዓለም ሰምቶታል። ከእነዚያ ቤቶች አንዱ የነበረው፣ በተወዛዋዡ በመላኩ በላይ እጅ ስሙ በዓለም የታወቀው ፈንድቃ፣ ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ በ2017 ዓ.ም. ከቆየበት የካዛንቺስ ቦታው ለቋል። ስም ያለው ይህ ከደረሰበት፣ ስም የሌላት የሹም አቦዋ ቤት ነገ በሯ ቢዘጋ ማን ጋዜጣ ላይ ያወጣላታል? ከዚህ ግድግዳ በቀር ጋዜጣ የላትም።

ስለዚህ ከወቀሳና ከመከላከል አልፈን ሦስት ሐሳብ ለማቅረብ እንወዳለን።

አንደኛ፣ በመንፈቅ አንድ ጊዜ አዝማሪውና ባለቤቱ በቀን፣ መጠጥ በሌለበት፣ በአዳራሻችን ተጋብዘው ይምጡ። ወደ መጠጥ ቤት የማይገባውም፣ ወሬ የምትፈራውም፣ ገንዘብ የሌለውም ያን ጊዜ ይሰማል። ሲመጡ ግን በነፃ አይሁን። ለእንግዳ ተናጋሪ የሚከፈል አበል ለእነሱም ይከፈል፤ ሙያ ነውና።

ሁለተኛ፣ የአማርኛ ክፍል ሠልጣኞች ለልምምድ ትምህርት ስንወጣ በየሄድንበት የምንሰማውን ስንኝ ከነሰሙ ከነወርቁ በደብተር እንመዝግብ፤ ባለቤቱ ከፈቀደም በስልካችን ድምፁን እንቅዳ። በስልካችን የማይረባ ነገር ስንቀዳ የምናጠፋው ጊዜ ከዚህ ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ይህ በተለይ ለተከበሩ መምህራኖቻችን የምናቀርበው ልመና ነው። እባካችሁ፣ ሠልጣኝን በሰው ፊት አስነሥቶ የአባትን ሥራ መጠየቅ ይቅር። መጠየቅ ካስፈለገም በወረቀት ይሁን። እኛም ክፍል ስንረከብ ይህን ላለማድረግ ከዛሬው ቃል እንገባለን።

ውድ አንባብያን፣ ጽሑፋችን ረዘመ። ለማጠቃለል ያህል፣ በርእሱ ላይ ለጠየቅነው ጥያቄ መልሳችን «አይደለም» ነው። ለመምህር ነውሩ ስካር ነው፤ ለመምህር ነውሩ ሳያዩ መፍረድ ነው። አንዲት ክር ይዞ የሰውን ሐዘንና ሳቅ በየማታው የሚያስተናግድን ባለሙያ ማድመጥ ግን ከትምህርት ይቆጠራል።

ያ ጓደኛችን ለፋሲካ አገሩ ሊሄድ ነው። ሲመለስ የአባቱን አሮጌ ማሲንቆ ይዞ እንደሚመጣና አልጋው አጠገብ ከግድግዳው ላይ እንደሚሰቅለው ነግሮናል። ከዚያ በኋላ «የማን ነው?» ብሎ ለሚጠይቀው ሁሉ ምን ብሎ እንደሚመልስ አሁን ያውቃል። እናንተም ጠይቁት።

በሹም አቦዋ አዝማሪ ቤት የታየነው አራት ሠልጣኞች